«ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ



እናንተ የሥነ ልቡና ተመራቂዎች፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ ነው። በ1969 ዓ.ም.፣ ወታደራዊው ደርግ ሥልጣን ላይ ሳለ፣ ታላቅየው የመኢሶን፣ ታናሽየው የተቀናቃኙ የኢሕአፓ ድርጅት አባላት ነበሩ። እኔ ገና ብላቴና ነኝ። አንድ መደብ ላይ ይተኛሉ፤ ትራስ ሥር የሚደብቁት የሌኒን መጽሐፍ እንኳ አንድ ነበር፣ ተራ ገብተው ያነቡታል። ሁለቱም «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰልፈዋል። ማታ ላይ ግን አንዱ «ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ»፣ ሌላው «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» እያሉ ይፋጠጣሉ። የሚጠቅሱት ከዚያው መጽሐፍ ነው። እናቴ ኩራዙን አጥፍታ ነበር የምትገላግላቸው።

«ለምን?» ሲባባሉ መልስ አጥተው አያውቁም። ያልተነጋገሩት ሌላ ነገር ነበር።

አባታችን ጭሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ ታላቅየው አባታችን ማሳው ላይ ተንበርክኮ አፈሩን ሲስም አይቷል። ደርግ ከወደቀ ያ ማሳ አብሮ የሚሄድ መሰለው። ታናሽየው ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛው ከክፍል ተጠርቶ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረበት። ያ ወንበር ባዶውን ቆሞ ደርግን መደገፍ ክህደት ሆነበት። ታናሽየው በቀይ ሽብር ተገደለ። ነሐሴ 1969 መኢሶንም ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ፣ ታላቅየው ተሳዳጅ፣ ኋላም እስረኛ ሆነ። የማሳውን ነገር ያጫወተኝ ከተፈታ በኋላ ነው። የወንበሩን ነገር ከሌላ ሰው ሰምቼ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ይህን አልነገረኝም እኮ» አለ።

የሥነ ልቡና ተመራማሪውን ጆናታን ሃይትን ተምራችኋል። መኪና የገደለውን የቤታቸውን ውሻ ማንም ሳያያቸው አብስለው ስለበሉ ቤተሰቦች በአሜሪካና በብራዚል ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙዎች ነውር ነው ብለው ቀድመው ፈረዱ፤ ምክንያቱን የፈለጉት በኋላ ነው፤ እንደ ወንድሞቼ። የሃይትን የሥነ ምግባር መሠረቶች ርኅራኄ፣ ፍትሕ፣ ታማኝነት፣ ለሥልጣን መገዛት፣ ቅድስና ብላችሁ ለፈተና ሸምድዳችኋል። እኔ ግን ታማኝነት ሲባል የሚታየኝ ያ ባዶ ወንበር ነው።

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ የፖለቲካ ክርክር ሲነሣ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ከክፍሌ ከልክዬ ኖሬያለሁ። «ለምን?» የተባለ ሰው ተሟጋች ይሆናል፤ ያነበበውን ይደረድራል። «ምን አየህ? ምን ገጠመህ?» ስትሉት ግን ትንሽ ያስባል፤ ድምፁም ይለወጣል። እናንተ ልጆቼ፣ ይህን እያወቃችሁ ስልካችሁ ላይ የምትጽፉትን አያለሁ፤ አዝንባችኋለሁም። አራት ዓመት የሰውን ልብ ተምራችሁ፣ ሰውን በጎሣው ስም ጠርታችሁ ትዘጉታላችሁ። ገዳይን አትውቀሱ አላልኩም፤ ወንድሜን የገደሉትን አንድም ቀን ትክክል ናቸው ብዬ አላውቅም። የምለው እንደ ወንድሞቼ አንድ መደብ ላይ ስለሚተኙት ነው።

ዛሬ ማታ ድግሱ ላይ፣ ፖለቲካው የሚያበሳጫችሁ አጎት አይጠፋም። ቡናው ሲቀርብ አጠገቡ ተቀመጡና «አጎቴ፣ ይህን ሐሳብ የያዙት ምን አይተው ነው?» በሉት። ጨርሶ እስኪነግራችሁ አትነሡ።