ስለ መሣሪያዎች ጥገና፦ ከሰንጠረዥ ወደ ጥገና ሶፍትዌር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የቴክኒክ ክበብ አባሎች ያደረግነው ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ፥ ከዚህ ወጥተው ለአገር ስለ ጠቀሙ ተማሪዎችና በስፖርት ስለ ተገኘው ድል ብዙ እንደሚነገር እናውቃለን። እኛ የቴክኒክ ክበብ አባሎች ግን ጥቂት ደቂቃ ሲፈቀድልን ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ዝቅ ያለ የሚመስል ነው። ይኸውም በየቤተ ሙከራው፥ በየወርክሾፑና በየጤና ጣቢያው የሚገኙት መሣሪያዎች ጥገና እንዴት ተመዝግቦ ሊያዝ እንደሚገባ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ሁሉም ይደሰታል፤ ይጨበጨባል። ዘይቱ ሲለወጥ ወይም ማጣሪያው ሲታጠብ ግን የሚያጨበጭብ የለም። ሆኖም መሣሪያው ዕድሜ የሚያገኘው በዚሁ ጭብጨባ በሌለበት ሥራ ነው።

ጥገና ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የተሰበረውን መጠገን ብቻ ነው። ይህ አንዱ ዓይነት ነው። የሚበልጠው ግን ሳይበላሽ አስቀድሞ መንከባከብ ነው። አባቶቻችን «ሳይርቁ በቅርቡ፥ ሳይደርቁ በርጥቡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ሦስት ምሳሌዎች እንስጥ። ብዙዎቹ የናፍጣ ጄኔሬተሮች 250 ሰዓት ያህል በሠሩ ቍጥር ዘይታቸው መለወጥ አለበት። ከአየር ኦክሲጅንን እየለየ ለበሽተኛ የሚሰጠው መሣሪያ የውጭ ማጣሪያው በየሳምንቱ ያህል መታጠብ ይፈልጋል፤ የሚሰጠውም የኦክሲጅን መጠን ከ82 በመቶ በታች እንዳይወርድ በመለኪያ መታየት አለበት። ማይክሮስኮፕ ደግሞ ርጥበት ባለበት ቦታ ከተቀመጠ በመስተዋቱ ላይ ሻጋታ ስለሚበቅልበት ከክረምት በፊት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እንግዲህ አንዱ በሥራ ሰዓት፥ አንዱ በሳምንት፥ አንዱ በወቅት የሚቈጠር ነው። ይህን ሁሉ ማን ያስታውሳል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፥ ሲወጣም በሞዴል 22 ይመዘገባል። ስለዚህ መሣሪያው የገባበትና የወጣበት ቀን ይታወቃል። በመካከሉ ያለው ኑሮው ግን፥ ማለት ስንት ጊዜ እንደ ታመመ፥ ማን እንዳከመው፥ ምን መለዋወጫ እንደ ገባለት፥ በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ላይ አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያ ሰው ጡረታ የወጣ ወይም ወደ ሌላ አገር የተዛወረ እንደ ሆነ የመሣሪያዎቹ ታሪክ አብሮት ይሄዳል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ስለዚህ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ብዙ ድርጅቶች በኮምፕዩተር ሰንጠረዥ ይጠቀማሉ። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የሠሩት ቪዚካልክ የተባለው ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በየቢሮው የሚታወቀውን ኤክሴልን ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 አወጣ። ሰንጠረዥ የሚናቅ ነገር አይደለም። ለመማር ቀላል ነው፤ በአብዛኛው ኮምፕዩተር ላይ ይገኛል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሃያ ወይም ሠላሳ መሣሪያ ብቻ ቢኖረውና አንድ ትጉህ ሰው ቢጠብቀው ሰንጠረዡ ይበቃዋል ብለን እናምናለን። ነገር ግን በመሠረቱ የተሠራው ቍጥር ለማስላት እንጂ ጥገናን ለመምራት አይደለም። ስለዚህም መሣሪያውም ሠራተኛውም ሲበዛ ድካሙ ይገለጣል።

የመጀመሪያው ድካም ዝም ማለቱ ነው። ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠ ደብተር፥ ሰው ከፍቶ ካላየው በቀር በተራ አያያዙ «የጄኔሬተሩ ቀን ደርሷል» ብሎ አይጣራም። ሁለተኛው ቅጂ መብዛቱ ነው። አንዱ ቅጂ በንብረት ክፍል፥ ሌላው በባለሙያው ፍላሽ፥ ሦስተኛው በኃላፊው ኮምፕዩተር ሲቀመጥ፥ ከሦስቱ የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ሦስተኛው ታሪክን ማጥፋቱ ነው። «መጨረሻ የተጠገነበት ቀን» በሚለው ዓምድ አዲሱ ቀን ሲጻፍ የቀድሞው ይሰረዛል፤ አንድ ፓምፕ በዓመት አንድ ጊዜ ይበላሽ ወይም ሰባት ጊዜ ይበላሽ ከዚያ ሊታወቅ አይችልም።

አራተኛው ድካም እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይነካል። ሰንጠረዡ ቀን የሚቈጥረው በተለመደው አሠራሩ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ባለሙያው የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ለማለት 30/6/2016 ብሎ ቢጽፍ፥ ቀኑ ከወሩ በፊት እንዲጻፍ የተዘጋጀ ኮምፕዩተር ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ይወስደዋል። እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2024 ነው፤ ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ መሆኑ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ፥ በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ፥ ኮምፕዩተሩ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደርም ቦታውን ያጣል። ስለ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን መናገር አያስፈልግም።

ሰንጠረዥ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ በእንግሊዝ አገር ተፈጽሟል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ድረስ፥ በሽታው የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ውጤት ከዕለቱ ቍጥር ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ ውጤቱን ለማስተላለፍ ያገለግል የነበረው የድሮ ዓይነት የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ አለመቻሉ ነው። ይህ ጉዳይ ስለ መሣሪያ ጥገና አይደለም፤ ነገር ግን በሀብታም አገርም ቢሆን ሰንጠረዥ ሞልቶ ሲፈስ ዝም ብሎ ሊፈስ እንደሚችል ያስተምራል።

እንግዲህ ለጥገና ተብሎ የተሠራው ሶፍትዌር በምን ይለያል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሕክምና መሣሪያዎች ካሳተማቸው መምሪያ መጻሕፍት አንዱ ስለዚሁ በኮምፕዩተር ስለሚመራ የጥገና አስተዳደር የሚናገር ነው። የዚህ ዓይነት ፕሮግራም አምስት ነገሮችን በአንድነት ያስተሳስራል። እነርሱም የመሣሪያው መለያ ቍጥር፥ የጥገናው ቀጠሮ፥ የሥራ ትእዛዝ፥ የመለዋወጫ ክምችትና የተሠራው ሥራ ታሪክ ናቸው።

አሠራሩን በጄኔሬተሩ ምሳሌ እናስረዳ። ሠራተኛው በሰዓት ቈጣሪው ላይ የሚያየውን ቍጥር በየጊዜው ያስገባል። ቍጥሩ ወደ 250 ሲቃረብ ፕሮግራሙ ራሱ የሥራ ትእዛዝ ያወጣል፤ ስሙ ለተመዘገበው ባለሙያም መልእክት ይደርሰዋል። ትእዛዙ ምን ያህል ዘይትና የትኛው ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። በግምጃ ቤት የቀረው ማጣሪያ አንድ ብቻ ቢሆን ለግዥ ክፍል አስቀድሞ ያሳስባል። ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ ምን እንዳደረገና ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበት ጽፎ ትእዛዙን ይዘጋል። የተዘጋው ትእዛዝ አይሰረዝም፤ በመሣሪያው ታሪክ ላይ ይጨመራል። ሥራው ሳይሠራ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ትእዛዙ ክፍት ሆኖ በኃላፊው ፊት ይታያል። ከዓመት በኋላ ኃላፊው ታሪኩን አይቶ «ይህን መሣሪያ እየጠገንን እንቀጥል ወይስ አዲስ እንግዛ?» ለሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መልስ ይሰጣል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ልንሸሽጋቸው አይገባም። አንደኛው ዋጋ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በየወሩ ወይም በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃሉ። እንደ ኦፕንሜይንት ያሉ በነፃ የሚገኙም አሉ፤ ዳሩ ግን የሚተክላቸውና የሚጠብቃቸው ዐዋቂ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ለዚህ የታተመ የሥራ ትእዛዝ ወረቀት ሁልጊዜ በእጅ መገኘት አለበት። ሦስተኛው የሠራተኛው ስጋት ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ፕሮግራሙ እርሱን ለመሰለል የመጣ ይመስለዋል። እኛ እንደሚመስለን ግን በቅን ከተያዘ የሚጠቅመው እርሱን ነው፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ማንም ያላየለት ድካሙ በስሙ ተጽፎ ይቀርለታል፤ መለዋወጫ ጠይቆ ያልተሰጠው እንደ ሆነም ጥያቄው በማስረጃ ይገኛል።

ሆኖም ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ፕሮግራሙን ገዝቶ ሥራው ያለቀ መስሎ መታየቱ ነው። የተዘበራረቀ ሰንጠረዥ ወደ ውድ ፕሮግራም ቢገለበጥ ውድ የሆነ ዝብርቅርቅ ይሆናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ ከፕሮግራሙ በፊት ሥርዓቱ መቅደም አለበት። ስለዚህ ወደዚህ ሥራ ለሚገባ ሁሉ የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ያለውን መሣሪያ በዓይን ማየትና መቍጠር ነው እንጂ ከአሮጌ ዝርዝር መገልበጥ አይገባም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ቍጥር ብቻ ሰጥቶ በማይለቅ ቀለም ወይም በብረት ሰሌዳ በላዩ መለጠፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በየትኛው የዘመን አቈጣጠር እንደሚጻፍ ወስኖ ሁሉም በዚያው እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ ፕሮግራሙም ቢሆን የኛን አቈጣጠር ማወቅ አለማወቁ ሳይገዛ በፊት ይጠየቅ። ቀጥሎ ሁሉን በአንድ ቀን ከማስገባት ይልቅ ቢቆሙ ሰው የሚጎዳባቸውን ጥቂት መሣሪያዎች አስቀድሞ ማስገባት ይሻላል። ለተወሰነ ጊዜ ሰንጠረዡና ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ሰንጠረዡ ለንባብ ብቻ ይቀመጥ። ሁለት መዝገብ ለዘወትር የሚይዝ ሰው በመጨረሻ አንዱንም አያምነውም። በመጨረሻም ለዚህ ሥራ ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው በስም ይሰየም፤ የሁሉ የተባለ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራልና።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ይህ ጉዳይ የባለሙያዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ በአንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ተራ ሲጠብቅ የሚጐዳው ተማሪው ነው። በጤና ጣቢያ የኦክሲጅኑ መሣሪያ ማጣሪያው ባለመታጠቡ የቆመ እንደ ሆነ፥ የሚጐዳው ትንፋሽ ያጠረው ሕፃንና በአጠገቡ የቆመችው እናቱ ናቸው። እናትዮዋ ስለ ሰንጠረዥም ስለ ሶፍትዌርም አትጠይቅም፤ የምትጠይቀው መሣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም ብላ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ የሚዘጋጀው ከዚያች ቀን ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ነው።

ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። መሣሪያ ሲበላሽ ያየ ሁሉ ሳይፈራና ሳይደብቅ በዚያው ቀን ይናገር፤ መምህራኖቻችንም የተናገረውን እንዳጠፋ ሰው እንዳይቈጥሩት እንለምናለን። ማንኛውም ፕሮግራም ያልተነገረውን ብልሽት ሊያውቅ አይችልም። መፍቻውን የሚያነሣ እጅና እውነቱን የሚጽፍ ሰው ካለ ግን፥ ጥሩ መዝገብ የዚያን ሰው ድካም ከመረሳት ያድነዋል፤ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ተማሪዎች የሚሠራ መሣሪያ ከነታሪኩ ያስረክባቸዋል።