ያለ መነጽር ማነጣጠር

የዛሬው ቃላችን «ማነጣጠሪያ» ነው። አዎ፣ ማነጣጠሪያ።

የድሮው ምንሽር ጠመንጃ መነጽር አልነበረውም። የነበረው ማነጣጠሪያ ሁለት ብረት ነው። አንዱ ወደ ዓይን የቀረበው፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ። ሌላው አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመ ቀጭን ጉጥ። አዳኙ እንግዲህ ሦስት ነገር ያሰልፋል፤ የኋላውን፣ የፊቱን፣ የሚያድነውን ድኩላ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዓይናችን ሦስቱንም እኩል አጥርቶ አያይም።

እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። መኪና የምትነዱ ግን ተዉት! አንድ ዓይን ጨፍኑ። አውራ ጣታችሁን ቀስሩና ሩቅ ያለ ዛፍ ላይ ደግኑ። ጥፍራችሁ ላይ ስታተኩሩ ዛፉ ይደበዝዛል። ዛፉን ስታዩ ደግሞ ጣታችሁ ብዥ ይላል፣ አይደል?

ታዲያ አዳኙ የቱን ይምረጥ? ድኩላውን ትሉ ይሆናል። አይደለም! የፊቱን ማነጣጠሪያ ነው። ድኩላው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ጉጡ ግን አንዲት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ካለ፣ 100 ሜትር ላይ ጥይቱ ስንዝር ገደማ ይስታል። ለዚህ ነው ባለ ብረት ማነጣጠሪያ አዳኝ ከሩቅ የማይተኩሰው። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተሹለከለከ ይጠጋል።