የከዋክብት ገቢና ወጪ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሰዎች መድረክ ላይ ስንወጣ ስለ ውዝፍ መዋጮና ስለ ቅጣት እንደምናወራ ስለምታውቁ ገና ስንነሳ ፊታችሁ ተለወጠ። አይዟችሁ፣ የዛሬው ስለ ሰማይ ነው። ከደብተራችን ግን ብዙም አልራቅንም።

ገጠር ያደግን ሁሉ መብራት በሌለበት ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፍ ነጣ ያለ መንገድ አይተናል። ያ የራሳችን ጋላክሲ ነው፤ ፍኖተ ሐሊብ ይሉታል። ቢያንስ 100 ቢሊዮን ከዋክብት አሉበት፣ ፀሐያችንም አንዷ ናት። ከላይ ሆኖ የሚያየው ቢገኝ ጠፍጣፋና ክብ ሆኖ ይታየው ነበር። ሊጥ ስናፈስ ከምጣዱ ዳር ጀምረን እያዞርን ወደ መሃል የምንሠራውን መስመር አስቡት፤ ክንዶቹም እንደዚያ የተጠማዘዙ ናቸው።

ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝና አቧራ ነው። ደመናው በራሱ ክብደት ይሰበሰባል፣ መሃሉ ይግላል፣ ሙቀቱ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምርና ኮከቡ ያበራል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ክብደቱ ነው። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች፣ 5 ቢሊዮን ያህል ይቀራታል። ከእሷ 20 እጥፍ የሚከብደው ግን ሀብቱን በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጨርሶ ይፈነዳል። ትልቅ ቤት ያለው ሁሉ ብዙ ይቆያል ማለት አይደለም። ክንዶቹ ሰማያዊ ሆነው የሚደምቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ክንዱ እንደ መንገድ መጨናነቅ ነው፤ መኪናው ያልፋል፣ መጨናነቁ እዚያው ይቆያል። ጋዙ እዚያ ሲደርስ ይታመቅና ከዋክብት ይወለዳሉ፤ ግዙፎቹና ሰማያዊዎቹ ከክንዱ ሳይርቁ ይሞታሉ።

ይህን ሁሉ እንደ ሂሳብ የመዘገበች ሴት አለች። ቢያትሪስ ቲንስሊ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዝ ተወልዳ ኒውዚላንድ አደገች። በኋላ ዳላስ እየኖረች 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ኦስቲን እየተመላለሰች በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቷን ተማረች። ሥራዋ እንዲህ ነበር፦ በየዘመኑ ስንት ኮከብ ተወለደ? በየክብደቱ ስንት ዓመት ኖረ? ሲሞት ስንቱን ጋዝ መለሰ? ስንቱስ ላይመለስ በሬሳው ውስጥ ቀረ? እኛ የማይሰበሰብ ብድር የምንለው መሆኑ ነው። ሁሉንም በኮምፒውተር ስትደምረው የጋላክሲ ብርሃንና ቀለም በዕድሜ እንደሚለወጥ አየች።

በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ተመራማሪዎች የሩቅ ጋላክሲዎችን ድምቀት እንደማይለወጥ ቆጥረው ነበር አጽናፈ ዓለሙን የሚለኩት። የዛሬ 20 ዓመቱን ብር በዛሬው ዋጋ እንደ መቁጠር ነው፤ የትኛዋም የሂሳብ ሠራተኛ አትፈርምበትም። በዘመኑ ስመ ጥሩ የነበረው አለን ሳንዴጅ አጥብቆ ተቃወማት። በኋላ ግን ስሌቱን ያለ ዕድሜ ለውጥ መሥራት ቀረ።

አሁን ወደ ቀሪ ሂሳቡ እንምጣ። ጋላክሲያችን በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ፀሐይ የሚሆን ጋዝ ወደ ከዋክብት ይለውጣል። በዚህ አወጣጥ በእጁ ያለው ጋዝ በጥቂት ቢሊዮን ዓመታት ያልቃል። እሱ ግን ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ሲወልድ ኖሯል። እንግዲህ ከውጭ የሚገባ አለ ማለት ነው። ቲንስሊ ከሪቻርድ ላርሰንና ከኔልሰን ካልድዌል ጋር በ1980 ባሳተመችው ጽሑፍ ያቀረቡት ይህንኑ ነው፦ ጠምዛዛ ጋላክሲዎች ከዙሪያቸው ጋዝ ይቀበላሉ፤ የተቋረጠባቸው መውለድ ያቆማሉ። መጀመሪያ ሰማያዊዎቹ ይሞታሉ፣ ክንዱ ይደበዝዛል፣ የቀሩት አሮጌዎቹ ቀይ ናቸው። ከሩቅ ለሚያየው ግን ለረጅም ጊዜ የሚያበራ ጋላክሲ ነው።

ባለፈው ስብሰባ «ወርኃዊ መዋጮው ይቁም፣ ያለው ገንዘብ እየተዘዋወረ ይበቃናል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከብድሩ የማይመለሰውን ቀንሰን አስልተነዋል፤ ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም ያጣን አይመስልም፣ እሱን ልብ በሉት። ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ስለ ቲንስሊ አንድ ነገር ይቀረናል፣ ለማንበብ ስንዘጋጅም ተከራክረንበታል። ዳላስ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ክፍል እንድትነድፍለት ጠየቃት፤ ክፍሉን ልምራ ብላ ስታመለክት መልስ እንኳ አልሰጣትም። በ1974 ትዳሯ ፈረሰ፣ ያሳደገቻቸው ሁለት የማደጎ ልጆች ከአባታቸው ጋር ቀሩ፣ እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከመካከላችን «ልጅ ትቶ?» ያለች አለች፤ «ወንድ ቢሆን ማን ይጠይቀው ነበር?» ያለችም አለች። አልተስማማንም። በ1978 ዬል ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር አደረጋት። በ1981 በቆዳ ካንሰር ስትሞት 40 ዓመቷ ነበር፤ የመጨረሻ ጽሑፏ የታተመው ከሞተች በኋላ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት አገር ቤት የምትሄዱ፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተመልከቱ። ነጩ መንገድ መሃሉ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ቦታ አለው። ባዶ አይደለም፤ ብርሃኑን የሸፈነው ጋዝና አቧራ ነው፣ ገና ወደ ኮከብ ያልተለወጠው።