ያልተረጎምኩት ማስጠንቀቂያ

ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ከሮቫ ሄ፣ ከእናቴ ቤት ነው የማወራችሁ። ውጭ ነፋስ አለ፤ ድምፁ ከገባ ይቅርታ። ርዕሳችንም እሱው ነው።

በዲሴምበር 2010 መጀመሪያ የቀርሜሎስ ተራራ ተቃጠለ፤ 44 ሰው ሞተ። ዝናብ ጠፍቶ አገሩ በሙሉ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ ነበር። ከሳምንት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ብቻውን ግን አልመጣም። ከ11 እስከ 13 ባለው ጊዜ ኃይለኛ ነፋስ የባሕሩን ዳርቻ ደበደበው። ሞገዱ ከ10 ሜትር በላይ ወጣ፤ የሦስት ፎቅ ቁመት በሉት። ቂሳርያ ላይ የጥንቱ ወደብ ማዕበል መከላከያ ተሰባበረ። አሽቀሎን ላይ ገደሉ ሲናድ ከሮማውያን ዘመን የቀረ ነጭ የእምነበረድ ሐውልት ወጣ፤ ራስም እጅም የሌላት ሴት። እዚህ ከአሽዶድ ወዲያ ባሕሩ ላይ አንድ የጭነት መርከብ ሰጠመ፤ ሠራተኞቹ ግን ተረፉ።

እሺ፣ ይሄ የዜናው ነው። አሁን የቤታችንን ልንገራችሁ።

ያኔ 11 ዓመቴ ነው፤ ከጎንደር ከመጣን 5 ዓመታችን። ሰንበት ወጥቶ ቴሌቪዥን ከፍተናል። ሰውዬው በዕብራይስጥ ብዙ ተናገረ፦ ከዛፍና ከመብራት እንጨት ራቁ፣ ሚርፔሴት ላይ ያለውን ዕቃ አስገቡ፣ ካልቸገራችሁ አትውጡ። እማዬ ከማድ ቤት «ምን ይላል?» አለችኝ። እኔ ፊልሙን እየጠበቅኩ ነበር። «ነፋስ አለ ይላል» አልኳት። በቃ።

ነፋስማ ጎንደርም አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሻሿን አጥብቃ ለጽዳት ሥራዋ ወጣች። አውቶቡስ ማቆሚያው ሳትደርስ የዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀባት። ክንዷ ተሰበረ፤ ሁለት ወር ሥራ የለ፣ ደመወዝ የለ። ሐኪም ቤት ለሐኪሙ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እዚያ አንድ ቃል አላስቀረሁም።

ይህን ለዓመታት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። አምና ነገርኳት። ቡናዋን እያፈላች ሰማችኝና «ልጅ ነበርሽ እኮ» አለች። ቀጥላም «ብትነግሪኝም እወጣ ነበር፤ ካልሠራሁ ማን ያበላናል? በዛፎቹ ሥር ግን አልሄድም ነበር» አለችኝ።

ይቺ ቃል አልወጣ አለችኝ። ማስጠንቀቂያ ሰውን ቤት ላያስቀረው ይችላል፤ መንገዱን ግን ያስቀይረዋል።

ሌላም ነገር ነገርኳት። የባሕራችን አሸዋ በአባይ የመጣ ነው። አባይ የሚሸከመው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የተጠረገ ነው፤ ግብፅ ከደረሰ በኋላ አሸዋውን የባሕሩ ሞገድ እየገፋ ወደ እኛ ያመጣዋል። ሞገዱን የሚያበርደው ያ አሸዋ ነው። በ1970 ያለቀው የአስዋን ግድብ ደለሉን ያዘው፤ ወደቦቻችንም የአሸዋውን መንገድ ዘጉ። አሸዋው ሲሳሳ ማዕበሉ ገደሉን በቀጥታ ይመታል። እማዬ ሳቀች፦ «አሸዋው እንኳ ከእኛ ቀድሞ ገብቷል!»

እንግዲህ ልመናዬ ይሄ ነው። ክረምት ሲገባ ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ ለእናት ለአባታችሁ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ጎረቤት አዛውንቶችም፣ በአማርኛ የድምፅ መልእክት ላኩ። «ነፋስ አለ» ብላችሁ አትተዉት። ሙሉውን ንገሯቸው።

ቸር ሰንብቱ።