ዕቃ ቤትን የሥራ ቤት ስለ ማድረግ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከፍልስፍናና ከፖለቲካ የራቀ ይመስላል። የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ቤት ነው። ከድባጤ፤ ከቡለንና ከማንዱራ የመጣን ተማሪዎች በየቤታችን ጓሮ ያለችውን እናውቃታለን። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ብትሆን ነው፤ ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ወይም ሣር ነው። ግማሽዋ በቆሎና ማሽላ ሲሆን ግማሽዋ የተሰበረ ወንበርና አሮጌ ጆንያ ነው። ይህችን ቤት በጥቂት ገንዘብ የእንጨት ሥራ ቤት ለማድረግ ይቻላል እንላለን።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ዲግሪ ይዘን መላጊያ ልንገፋ ነውን?» ብለው ይሥቁ ይሆናል። ሣቁ አዲስ አይደለም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፤ ቆዳ የሚፍቀው፤ ሸማ የሚሠራው ሲሰደብ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ እንኳ ባለእጅን መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ስድቡ ዛሬ ከአደባባይ ቢርቅም ከብዙዎቻችን ልብ ገና አልወጣም። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ከድባጤና ከቡለን ብዙ ሕዝብ ወደ ቻግኒ መሰደዱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው በር ነው፤ ቀጥሎ መስኮትና አልጋ ነው። ይህን የሚሠራለት ሰው በመንደሩ ካልተገኘ ያለችው ጥቂት ገንዘብ ለጭነት ታልቃለች። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚንቅ የተማረ ሰው ምን እንደ ተማረ ለማወቅ እንቸገራለን።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ እህሉ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ስለ መጋዝና ስለ መዶሻ ማውራት ይወዳል። ማስቀመጫ ያጣ ገበሬ በቆሎውን በመከር ጊዜ በርካሽ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ያንኑ በቆሎ በውድ ይገዛል። ስለዚህ እህሉን ከቤቱ ያስወጣ የሥራ ቤት አትርፎ ሳይሆን አክስሮ ይጀምራል። መፍትሔው ሦስት ድርብ ያለው፤ አየር የማያስገባው ከረጢት ነው። ሁለቱ የውስጥ ድርቦች ፕላስቲክ ናቸው፤ የውጭው ጆንያ ነው። አፉ በሚገባ ከታሰረ ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ያለ መድኃኒት ይሞታል። እህሉ ግን በጣም የደረቀ መሆን አለበት፤ ከረጢቱም አይጥ እንዳይበሳው ከግድግዳ መራቅ፤ ከመሬትም ከፍ ማለት ይገባዋል። እንዲህ ከተደረገ በመኖሪያው ቤት አንድ ጥግ ይበቃዋል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአብዛኛው በእናቶቻችን እጅ ስለሆነ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር መምከር ያስፈልጋል። ሳያማክሩ ጆንያ ማንሣት ጠብ መጫር ነው።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። በአሮጌ ዕቃ ቤት ወለል ላይ የአይጥ ኩስ፤ ሻጋታና ከዓመታት በፊት የተነሰነሰ የነቀዝ መድኃኒት ይገኛል። በደረቁ መጥረግ ይህን ሁሉ ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። አስቀድሞ ውሃ ይረጭ፤ አፍና አፍንጫም በጨርቅ ይሸፈን፤ ጥራጊው ከብትና ዶሮ በማይደርሱበት ሥፍራ ይቀበር።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጠላት ይመጣል፤ እርሱም ምስጥ ነው። በምዕራብ አገራችን ቤት የሠራ ሰው ምስጥን ማስተዋወቅ አያሻውም። የጉሙዝ ወገኖቻችን ጎተራቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው የሚያቆሙት ያለ ነገር አይደለም፤ ምስጥም እርጥበትም አይጥም የሚመጡት ከታች ነውና። እኛም ከዚህ እንማር። የሥራው ገበታ እግር በወለሉ ውስጥ አይተከል፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። ሳንቃም ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ አይደርደር። ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሳይሠራ ወደ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ የግድግዳውን ሥር በየሳምንቱ የሚያይ ዓይን ከብዙ መድኃኒት ይሻላል። መደርደሪያውን በአገራችን ሽመል መሥራት ይቻላል። የቆላው ሽመል ውስጡ ከሞላ ጎደል ድፍን ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት የሞላው ይመረጥ፤ ዝናም ካባራ በኋላ ይቆረጥ፤ ጥቂት ሳምንትም ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ አለበለዚያ ብል ዱቄት ያደርገዋል።

ስለ ብርሃን ብዙ አንልም። ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መተካት ይበቃል፤ የከሰዓት ፀሐይ በማያገኘው በኩል ቢሆን ይመረጣል። ታላቁ ግድብ በዚሁ በመተከል በጉባ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ታስቦ ተሠርቷል። ደስ ይለናል። ሆኖም የእጅ መጋዝ መብራት አይጠይቅምና የኤሌክትሪክ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ ሥራውን ማዘግየት አይገባም።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት እንዴት ይላጋል? በበሩ ትይዩ በገበታው ከፍታ ልክ አንዲት ትንሽ መስኮት ትከፈት፤ እንጨቱ በበር ገብቶ በመስኮት ይወጣል። ይህች መስኮት ቤቱን ለማስፋት ከሚወጣው ወጪ ታድናለች። የገበታው ቁመት እጅ ሲንጠለጠል እስከ አንጓው ድረስ ነው፤ ለብዙ ሰው 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞርሳ ውድ ነው፤ በገበታው ላይ የተመታ ችካልና ሽብልቅ ለመጀመሪያው ዓመት ያገለግላል።

ገንዘብ የሚቆጠበው በእነዚህ ነው እንጂ በስለት አይደለም። ርካሽ መላጊያ እንጨትንም ሠራተኛንም ያበላሻል። ጥሩ መጋዝ፤ ጥሩ መላጊያ፤ ሞረድና መሳያ ድንጋይ ይገዙ። መሮውን ግን የአገሩ ቀጥቃጭ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢሠራው ከሱቁ አያንስም፤ ያ የሚሰደበው ቀጥቃጭ ማለታችን ነው።

ሰጋቱራና ፍቅፋቂ በየማታው ይጠረግ፤ ኩራዝ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ጣሪያው ሣር ከሆነ የብረት እሳት በዚያ ቤት ፈጽሞ አይነድም። ሥራው ሲጀመርም ከዚያ ገበታ መጀመሪያ የሚወጣው ለሽያጭ የሚሆን ወንበር አይሁን፤ የእናታችን የእህል ከረጢቶች የሚያርፉበት ርብራብ ይሁን።