የጓሳ ቅላት፦ በትንሽ ካሜራ እውነተኛ ቀለም ስለ ማስቀረት



የመንዝን የጓሳ ምድር ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍነው ሣር ነው። በዚያ ሣር መካከል ዓይን የሚያርፍባቸው ሁለት ቅላቶች አሉ፤ የቀይ ቀበሮ ጠጉርና የጭላዳ ደረት። ሁለቱም እንስሳት ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር አይኖሩም። በትንሽ ካሜራ ሲነሱ ግን ብዙ ጊዜ ቀበሮው ቡናማ፣ የጭላዳው ደረት ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ድፍርስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ውድ ካሜራ ባለመያዙ ያዝናል። ማዘን አያስፈልገውም፤ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን የብርሃን ዕውቀት ነው።

ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው ውኃ ነው። ውኃ ከብርሃን ቀለማት መካከል አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ነው። በጠራ ባሕር እንኳ አምስት ሜትር ያህል ሲወረድ ቀይ ክፉኛ ይደክማል፤ ከአሥር ሜትር በታች ቀይ ዓሣ ግራጫ ይመስላል። በ1926 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ባለቀለም ፎቶዎች ሲያነሱ፣ የጎደለውን ብርሃን የተኩት የማግኒዚየም ዱቄት በማንደድ ነበር፤ ፎቶዎቹም በጥር 1927 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተሙ። የዛሬ ጠላቂ ትንሽ ካሜራውን ይዞ ወደ ዓሣው በጣም ይቀርባል፣ ፍላሽ ያበራል፣ ወይም በወረደ ቁጥር በነጭ ነገር የካሜራውን ቀለም እንደገና ያስተካክላል። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ ግን ፍላሹን ማጥፋት ይሻላል፤ ብርሃኑ በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ደለል እያበራ ፎቶውን በነጠብጣብ ይሞላዋል። ጀማ ወንዝ ውስጥ ውኃ የማያስገባ ካሜራ መሞከር የሚፈልግ የመርሐቤቴ ወጣት ካለ፣ ይህን ያስብ፤ ክረምቱም ይለፍለት።

ወደ ደጋው ስንወጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በ3,500 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ከገደል ጥላ ሥር የተቀመጠ እንስሳ የሚያገኘው ብርሃንም ከፀሐይዋ ሳይሆን ከዚያ ሰማይ ነው። ውኃ ቀዩን ይውጣል፤ የደጋ ጥላ ግን ሞቃቱን የፀሐይ ብርሃን ከልክሎ ሰማያዊውን ይተዋል። ምክንያታቸው ቢለያይም መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ነጭ የቱ እንደሆነ ለካሜራው መንገር።

ካሜራው በራሱ ሲተው ይገምታል። ፎቶው በሙሉ በበጋ በደረቀ የጓሳ ሣር ከተሞላ፣ ቢጫ የሆነው ብርሃኑ ይመስለውና ለማረም ሰማያዊ ይጨምራል። ቅላቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከአውቶማቲኩ መውጣት ይገባል። ነጩን በሚያስተካክለው የካሜራው «ዋይት ባላንስ» ዝርዝር ውስጥ የፀሐይ፣ የደመናና የጥላ ምልክቶች አሉ፤ እንስሳው ጥላ ውስጥ ከሆነ የጥላውን መምረጥ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ነጭ ነገር እንስሳው ባለበት ብርሃን ላይ ይዞ በራስ መለካት ነው። ለዚህ ጋቢ ይበቃል፤ አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። በዱቄት ሳሙና ተደጋግሞ የታጠበ ጋቢ ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል አለበት፤ ኬሚካሉ በከፍታ ላይ በሚበረታው አልትራቫዮሌት ጨረር ሰማያዊ ያበራል፤ ካሜራውም በእሱ ከተለካ ፎቶው ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ለፎቶ አንሺዎች ተብሎ የሚሠራው ግራጫ ካርድ ከሁሉ ይሻላል፤ እሱ ከሌለ ገና ያልታጠበ የእጅ ፈትል ይሁን።

ሰው ሲነሳ ሌላ ፈተና አለ። የመንዝ ጥቁር የበግ ጠጉር በርኖስ የለበሰ አባት ሲነሳ ካሜራው ጥቁሩን ወደ ግራጫ ሊያነጣው ይሞክራል፤ የፊቱ ቀለምም አብሮ ይነጣል። ብርሃኑን በማስተካከያው አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ በርኖሱንም ፊቱንም ያድናል።

ሰዓቱም ይመረጥ። ጭላዳ ገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ተቀምጦ ሣር ሲነቅል ደረቱ ከፊት ይታያል። ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ፀሐይዋን ከጀርባ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ቅላቱን ያገኛል። ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍምና በሩቅ ላለ እንስሳ አይረዳም፤ ዲጂታል ዙምም ጥራቱን ያበላሻል። ለመቅረብ ብሎ መንጋውን ማባረር ግን ነውር ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ቶር በርግማንና ጃሲንታ ቢነር በስሜን ተራሮች የጭላዳን ደረት በተራ ዲጂታል ካሜራ አንስተው ቅላቱን ለክተዋል፤ ዘዴያቸውም እንስሳውንና የቀለም ሰንጠረዥን በአንድ ዓይነት ብርሃን ማንሳት ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መንጋ የሚመሩ ወንዶች ደረት ከሌሎቹ ይበልጥ ቀይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ቀለሙ ራሱ መረጃ ነው፤ በተሳሳተ ዋይት ባላንስ የተነሳ ፎቶ ያንን መረጃ ያጠፋል።

ጓሳን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው የጋራ መሬት አያያዝ ሥርዓት ያቆዩት የሁለቱ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ልጆች ናቸው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እንዲደርስ ለዓመታት ይዘጉት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ዛሬም ምድሩን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። የፎቶ መዝገቡም በእነሱው እጅ መያዝ አለበት።

ስለዚህ የጓሳ ጠባቂዎች፣ አስጎብኚዎችና መምህራን ሆይ፤ ካሜራ ስታነሱ አስቀድማችሁ ነጩን ለኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቦታውን ስም ጻፉ፤ ዋናውን ፋይል በቴሌግራም ከመላካችሁ በፊት ሳይነካ አስቀምጡ።