የቡና ገለባና የወንዞቻችን ውሃ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው፣ ዋጋ የለውም ተብሎ ስለሚጣለው ገለባ ጥቂት ለመናገር ነው።

ከሥላሴ በታች የሚወርደው የቀበና ወንዝ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂም በምዕራብ በኩል የፋብሪካዎችን እጣቢ ይዞ ይወርድና ሁለቱ በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ አትክልቱ በተመረመረ ጊዜም እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተውበታል።

ውሃ ሲፈላ ተሐዋስያን ይሞታሉ፤ ብረት ግን አይሞትም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም የበለጠ እርሳስ እንዳይኖር ይመክራል። እንግዲህ 1 ግራም እርሳስ ብቻውን 100,000 ሊትር ውሃ እስከዚህ ወሰን ያደርሳል ማለት ነው።

ገለባ በዚህ ላይ ምን ይረዳል? በገለባ ውስጥ ሴሉሎስና ሊግኒን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የብረቱን ቅንጣቶች እየሳቡ ይይዛሉ። ገለባው ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ከውሃው ጋር ሲማሰል ብረቱ ይጣበቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ይጠለላል። በአገራችን ተመራማሪዎች የቡና ገለባንና የጤፍ ጭድን ክሮሚየምን ከውሃ ለመለየት ሞክረዋቸዋል። ይሁን እንጂ ለሁሉም ብረት አንድ ዘዴ አይበቃም፤ መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት በኮምጣጣ ውሃ ውስጥ በደንብ ሲያዝ፣ እርሳስ ግን በዚያው ውሃ ከገለባው ይለቃል።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን ግን ብረቱ ከውሃው ወጣ እንጂ አለመጥፋቱን ነው። ያገለገለው ገለባ ለከብት ቢሰጥ ወይም በማሳ ላይ ቢበተን፣ መርዙ በሌላ መንገድ ወደ ገበታችን ይመለሳል። ስለዚህ ገለባው መሥራት የሚገባው በፋብሪካው በር፣ እጣቢው ከወንዙ ሳይቀላቀል ነው። ከዚያም ብረቱ ታጥቦ እንዲወጣ ይደረግ፣ ወይም ገለባው ሰውና ከብት በማይደርሱበት፣ ውሃም በማይገባበት ስፍራ ይቀመጥ።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ገለባው በአገራችን ሞልቷል፤ የጎደለው ተከታትሎ የሚሠራበት ሰው ነው። ኬሚስትሪን የምንማረው ለፈተና ብቻ ከሆነ፣ ወንዙ እንደ ቆሸሸ በአጠገባችን ያልፋል። ዕውቀታችንን ለሥራ ካዋልነው ግን፣ በወንዙ ዳር ጎመን የሚተክለው ገበሬም፣ ከገበያ ገዝታ የምታበስለው እናትም ይጠቀማሉ።